የካልሲው ደብዳቤ፦ ስለ ራምቦ የመጨረሻ ወራት መልእክቶች

አርተር ራምቦ ከሐረር ወደ ቤተሰቡ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች የሚያነብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቅር ብሎት ነው የሚነሣው። የሚፈልገው ባለቅኔውን ነው፤ የሚያገኘው ነጋዴውን ነው። ቡና ይህን ያህል፣ ቆዳ ያን ያህል፣ የዝሆን ጥርስ ተወደደ፣ የማርትሬዛው ምንዛሪ ወረደ፣ የባሕሩ መንገድ ተዘጋ። ስለ እሱ የጻፉ ብዙ ሰዎች እነዚህን ደብዳቤዎች ለማስረጃ ያህል ይጠቅሷቸዋል እንጂ እንደ ጽሑፍ ሚዛን ላይ አያወጧቸውም። እኛ የምንለው ሌላ ነው። በ1891 (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከፌብሩዋሪ እስከ ኖቬምበር የጻፋቸው፣ በተለይም ሕመሙን ለቤተሰቡ የነገረባቸው ጥቂት ደብዳቤዎች፣ ሰው ሞቱን ለወላጁ እንዴት እንደሚናገርና እንዴት እንደማይናገር የሚያሳዩ ብርቅ ጽሑፎች ናቸው። ደግሞም ከፓሪስ አንባቢ ይልቅ የድሬዳዋና የሐረር አንባቢ ቶሎ ይገቡታል ባዮች ነን። ለምን እንደሆነ ወረድ ብለን እናያለን።

የሰውየውን ታሪክ ባጭሩ እናስታውስ፤ የሚያውቅ ይዝለለው። ኦክቶበር 20 ቀን 1854 በሰሜን ፈረንሳይ፣ በሻርልቪል ተወለደ። ዓለም ያወቀበትን ግጥም ሁሉ ጽፎ የጨረሰው ሃያ ዓመት አካባቢ ነው። በ1880 መጨረሻ ኤደን ላይ ለነበረው የባርዴ ንግድ ቤት ተቀጥሮ ሐረር ገባ። ሄደ፣ ተመለሰ፤ ለምኒልክ ጠመንጃ እሸጣለሁ ብሎ ሸዋ ድረስ ደከመ፤ ከ1888 ጀምሮ ደግሞ ሐረር ላይ የራሱን ንግድ ከፈተ። (ዛሬ ሐረር ውስጥ «የራምቦ ቤት» ተብሎ ለጎብኚ የሚታየው ውብ ቤት እሱ ከሄደ በኋላ የተሠራ ነው። ይህን ስንል ጎብኚም አስጎብኚም አይከፋብን፤ ቤቱ ለራሱ ማየት ያስደስታል።) እንግዲህ የምንነጋገርበት ዓመት ሲገባ ዕድሜው 36 ነበር።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የተጻፈው ፌብሩዋሪ 20 ቀን ነው፤ ለእናቱ። ቀኝ እግሩን እንዳመመው፣ የደም ሥር እብጠት ነው ብሎ እንደገመተ፣ አሥራ አምስት ሌሊት እንቅልፍ ባይኑ እንዳልዞረ ይገልጽላቸዋል። ታዲያ ከዚህ በኋላ የሚመጣው እዬዬ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው፤ የዕቃ ትእዛዝ! ለደም ሥር እብጠት የሚሆን የሚለጠጥ የሐር ካልሲ ይገዛልኝ ይላል። እግሩ ረጅምና ቀጭን እንደሆነ፣ የጫማው ቁጥር 41 እንደሆነ፣ ካልሲው ከጉልበት በላይ መድረስ እንዳለበት፣ በየትኛው ከተማ ሊገኝ እንደሚችል ሁሉ ይዘረዝራል። አንድ ነጋዴ ለሌላ ነጋዴ እንደሚጽፈው ማለት ነው።

ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ቆም ብሎ ለሚያነብ ግን ነገሩ ያለው እዚያው ልኬቱ ውስጥ ነው። ስለ ሕመሙ ሲናገር ደም ሥር ነው ይላል፤ ምክንያቱ ፈረስ መጋለብና በእግር መድከም ነው ይላል፤ ነገሩን ቀላል ያደርገዋል። ስለ ካልሲው ሲናገር ግን «ከጉልበት በላይ» ይላል። ሞቱ ያለው እዚያ ነው፤ በኋላ እግሩን ያስቆረጠው የአጥንት ነቀርሳ የተነሣው ከዚያው ከጉልበቱ አካባቢ ነው። አፉ የሸሸገውን የካልሲው ልክ ተናገረ። በዚያ ቤት ደግሞ «ጉልበት» ተራ ቃል አልነበረም፤ ታናሽ እህቱ ቪታሊ በ1875፣ በ17 ዓመቷ የሞተችው በጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ነበርና። ስሟ በካልሲው ደብዳቤ ውስጥ የለም። መኖርም አያስፈልገውም፤ ጸሐፊውም ተቀባይዋም ያውቋታል።

እናቱ ማርች 27 ቀን መለሱ። ስለ እኒህ ሴትዮ ብዙ ክፉ ተጽፏል፤ ደረቅ ናቸው፣ ገንዘብ ይወዳሉ፣ ልጃቸውን አልገባቸውም ይባላል። መልሳቸው በርግጥ አጭር ነው። ፓሪስ የተሠሩ ሁለት ካልሲዎች ልኬያለሁ፤ የሚቀባ ቅባትም አብሮ አለ፤ የዘገየው በዚህ በዚህ ምክንያት ነው፤ ሐኪሙ እረፍት አድርግ ብሎሃል፤ ይኸው ነው። እኛ ግን ይህን ደብዳቤ ደረቅ ነው ብለን ለመናገር አንደፍርም። አንድ ካልሲ ለጠየቀ ሁለት መላክ፣ ሐኪም ዘንድ ሄዶ መጠየቅ፣ ያልተጠየቀ ቅባት መጨመር! ልጁ በዕቃ ቋንቋ ነገራቸው፤ እሳቸውም በዕቃ ቋንቋ መለሱለት።

ለመሆኑ ይህን አነጋገር የት እናውቀዋለን? እኛው ቤት ነዋ! ዘመድ የሞተበት ሰው ሩቅ አገር ሲሆን ምን ተብሎ ነው የሚጠራው? «እናትህን ትንሽ አሟት ነበርና ብቅ በል።» ይህን የሰማ ልጅ መንገድ ላይ ማልቀስ ይጀምራል። «ትንሽ» የምትለዋ ቃል ናት የምትገለው። መርዶ በእኛ አገር ድንገት በር ተንኳኩቶ የሚጣል ነገር አይደለም፤ ሌሊቱን ታፍኖ ያድራል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ጎሕ ሲቀድ ይረዳል። ሕመምም እንዲሁ ነው። ከቤቱ ርቆ የሚማር ተማሪ ሲታመም መጀመሪያ ለጓደኞቹ የሚላት ነገር «ለቤት እንዳትደውሉ» ነው። ሁለተኛዋ ደግሞ፣ ከብዙ ቀን በኋላ፣ ለቤት የሚያደርጋት ስልክ ናት፦ «ደኅና ነኝ፣ ትንሽ ብርድ መትቶኝ ነው፤ ጋቢ ብትልኩልኝ።» ጋቢው ይላካል። ግን እናት ጋቢውን ይዛ ራሷ ትመጣለች፤ ማን ነገራት? ጋቢው ነገራት። የራምቦን ካልሲ እንግዲህ በዚህ ጋቢ ልክ ነው ማንበብ ያለብን። ደብዳቤው ደርቆ የታየው እንዲህ ያለውን አነጋገር ለማይሰማ ጆሮ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ። ማርች ሲያልቅ እግሩ ድርቅ ብሎ ቀረ። አልጋውን ከገንዘብ ሣጥኑ፣ ከመዝገቡና ከመስኮቱ መካከል አስጠግቶ፣ በመስኮቱ በኩል ግቢው ዳር ያለውን ሚዛን እየተቆጣጠረ፣ ተኝቶ ይነግድ ነበር፤ ይህን በኋላ ለእህቱ ራሱ ጽፎላታል። ኤፕሪል 7 ቀን ማለዳ በቃሬዛ ከሐረር ወጣ። የቃሬዛውን ሥራ ያወጣው ራሱ ነው፤ ተሸካሚዎቹ አሥራ ስድስት ናቸው። ከደጋው ወደ ባላዋ የሚወርደው ቁልቁለት ለተሸካሚዎቹ እጅግ አስቸጋሪ እንደነበር በቀን ማስታወሻው ላይ አስፍሯል። በማግስቱ ጀልዴሳ ገቡ።

ጀልዴሳን ስንቶቻችን እናውቃለን? ከከተማችን በስተሰሜን ምሥራቅ ያለችው፣ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር የምትገኘው ጀልዴሳ ናት። በዚያን ጊዜ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ የለችም፤ የምድር ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የሐረርና የዘይላ ነጋዴ ሁሉ የሚያልፈው በጀልዴሳ ነበር፤ የደጋው ጭነት ወደ ግመል የሚዛወረው እዚያ ነበር። ባቡሩ ሲመጣ ጀልዴሳን ትቶ በእኛ በኩል አለፈ፤ እሷ ቀረች፤ እኛ ከተማ ሆንን። እንግዲህ ስለ ራምቦ ሲወራ ሐረር ብቻ መባሉ እኛን ድሬዎችን ትንሽ ያስቀናናል፤ ሊሞት የወረደባት ቁልቁለትና ያረፈባት በረሃ የእኛ ናትና። ቅናቱ ይቅርና ወደ ቁም ነገሩ እንግባ።

የጉዞው ማስታወሻ ጥቂት ገጽ ናት። ሰዓት አለ፣ የቦታ ስም አለ፣ ዝናብ አለ። ወርጂ በተባለው ቦታ ድንኳንና ስንቅ የጫኑት ግመሎች ወደኋላ ቀርተውበት አሥራ ስድስት ሰዓት በዝናብ ሥር ያለ መጠለያ ተኝቷል፤ ሠላሳ ሰዓት እህል አልቀመሰም። በዚህች ጽሑፍ ውስጥ እኛን ከሁሉም በላይ ያቆመን ግን አንድ ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ተሸካሚዎቹ ሲደርሱ ቃሬዛውን መሬት ላይ ጣሉት። የታመመ ሰው እግር! እሱም ቅጣት ጣለ፤ አራት ብር፤ ሙነድ ሱይን አንድ፣ አብዱላሂ አንድ፣ አብዱላ አንድ፣ ባከር አንድ። ስማቸው ለእኛ የደረሰው በዚህ ነው። አሥራ ስድስት ሰዎች አንድን የሚሞት ሰው በትከሻቸው ወደ 300 ኪሎ ሜትር ተሸክመው ባሕር አድርሰውታል፤ ከአሥራ ስድስቱ አራቱን በስም የምናውቃቸው አንድ አንድ ብር ስለተቀጡ ነው። የአሥራ ሁለቱ ስም ስላልተቀጡ ጠፋ። የጽሑፍን አድልዎ እንዲህ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ሌላ ገጽ መጥቀስ ይከብደናል።

ዘይላ ላይ ያረፈው አራት ሰዓት ብቻ ነው። ከቃሬዛው ጋር ወደ መርከብ ተሳበ፤ ሦስት ቀን በባሕር ያለ ምግብ ተጓዘ። ኤደን ሆስፒታል ሆኖ ኤፕሪል 30 ቀን ለእናቱ ጻፈ። ካልሲዎቹ እጁ የገቡት ያን ጊዜ ነው። ደርሰውኛል፤ ግን በሚያሳዝን ጊዜ ደረሱኝ ይላቸዋል። አሁን ካልሲ ለምን ይሆናል? በዚህ ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን ገልጦ ያወራል፤ ሰውነቱ አጥንት ብቻ መሆኑን፣ ጀርባው በመተኛት ብዛት መላላጡን፣ እንግሊዛዊው ሐኪም እግሩን ለመቁረጥ እንዳሰበ ሁሉ ይናገራል። መጨረሻው ላይ ግን ዞር ይልና እነሱን ማጽናናት ይጀምራል፤ አትደንግጡ፣ ደግ ቀን ይመጣል ይላቸዋል። ልብ በሉ፤ ታማሚው ነው አጽናኙ። አንድ ሰው ሕመሙን ለቤተሰቡ ሲናገር ሁለት ሸክም እንደሚሸከም፣ አንዱ የራሱ፣ ሌላው የሰሚዎቹ ድንጋጤ እንደሆነ፣ ይህ ደብዳቤ ሳያብራራ ያሳያል።

ከዚያ ማርሴይ። ሜይ 22 ቀን ቴሌግራም መታ። አንዳችሁ ዛሬውኑ በፈጣኑ ባቡር ኑ፤ ሰኞ ጠዋት እግሬን ይቆርጡኛል፤ የሞት አደጋ አለ፤ የሚጣሩ ከባድ ጉዳዮች አሉኝ። «ሞት» የሚለው ቃል ለቤተሰቡ በግልጽ የወጣው ቃል በሚቆጠርበት፣ በገንዘብ በሚከፈልበት ወረቀት ላይ መሆኑ ያስገርመናል። ገላጭ ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ወር ነበረው። በሦስቱ ወር ያልደፈረውን ቴሌግራም አስደፈረው፤ ቴሌግራም ላይ «ትንሽ» ለማለት ቦታ የለማ። እናቱ መጡ። ሜይ 27 እግሩ ተቆረጠ። ጁን ወር ውስጥ እናቱ ሻንጣቸውን አዘጋጅተው እንባው እንዳላስኬዳቸው ለኢዛቤል ጽፈዋል፤ ግን ጁን 9 ቀን ሄዱ፤ ኢዛቤልም ቤት ታማ ነበር። እዚህ ላይ የሚፈርድባቸው ይፍረድ።

እግሩ ከተቆረጠ በሦስተኛው ቀን፣ ሜይ 30፣ ለሐረሩ ገዥ ለራስ መኮንን የጻፈው ደብዳቤ አለ። እግሬን ቆረጡኝ፤ አሁን ደኅና ነኝ፤ በሃያ ቀን ውስጥ እድናለሁ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሐረር ተመልሼ እንደ ድሮው እነግዳለሁ ይላል። በሚቀጥሉት ወራት ለእህቱ ለኢዛቤል በጻፋቸው ውስጥ ደግሞ ቀንና ሌሊት እንደሚያለቅስ፣ የሞተ ሰው እንደሆነ፣ ዕድሜ ልኩን ሽባ ሆኖ እንደቀረ፣ ክራንች ይዞ ሁለት እርምጃ ሲሄድ ሰው ሁሉ የሚስቅበት እየመሰለው እንደሚሸማቀቅ ይነግራታል። የትኛው ነው እውነተኛው? አንዳንዱ ለራስ መኮንን ዋሸ ይላል። እኛ አይመስለንም። ለራስ የተጻፈው ሐረር ውስጥ የነበረው ሰው የጻፈው ነው፤ ክብር ያለው፣ ዕዳም ገንዘብም ያለው፣ የሚመለስ ሰው። ለእህቱ የተጻፈው ደግሞ ወደ ልጅነቱ የተመለሰው የጻፈው ነው። ራስ መኮንን ጁላይ 12 ቀን ማዘናቸውን ገልጸው መልሰዋል። እንዲያውም እንደ ጽሑፍ ስንመዝን፣ ለእህቱ የተጻፉት አንዳንዶቹ እንባ ሲበዛባቸው ይላላሉ፤ የራስ መኮንኗ አጭር ደብዳቤ ግን የማይመለስ ሰው የመመለሻ ቀጠሮ ናትና አንጀት ትበላለች።

ኦገስት ላይ፣ አንድ ወር ያህል ሮሽ እናቱ ቤት ቆይቶ፣ ከኢዛቤል ጋር ወደ ማርሴይ ሆስፒታል ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ቃሉ ከእጁ ይወጣል፤ የምትናገረው ኢዛቤል ናት። ሴፕቴምበር 22 ለእናቷ እንደጻፈችው ሐኪሞቹ ሁለት አፍ አላቸው፤ ለእሱ ትድናለህ ይሉታል፣ ለእሷ ግን ተስፋ የለውም፣ የቀረው ጥቂት ጊዜ ነው ይሏታል። እዩት እንግዲህ! በፌብሩዋሪ እሱ ለቤተሰቡ ይደብቅ ነበር፤ በሴፕቴምበር ቤተሰቡ ለእሱ ይደብቃል። ቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት»ን ያሳተመው ከዚህ አምስት ዓመት በፊት፣ በ1886 ነው፤ እዚያም ታማሚውን ከሕመሙ በላይ የሚያቃጥለው በዙሪያው ያለው ሐሰት ነው፤ የማይዋሸው አገልጋዩ ገራሲም ብቻ ነው።

ይህ የፈረንጅ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ መጽሔት ላይ ቦታ አናጣብብም ነበር። በአገራችን የኤች አይ ቪ ምልክት ከታወቀበት ከ1984፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከተመዘገቡበት ከ1986 ጀምሮ፣ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት እስከጀመረበት እስከ 2005 ድረስ ያለውን ዘመን አስቡት። የባቡር፣ የመኪናና የንግድ ከተማ በሆነችው በእኛዋ ድሬ ስንት ወጣት «ሳንባ ነው»፣ «ምች ነው» እየተባለ ተቀበረ? ልጅ ለእናቱ ይደብቃል፤ እናት ለጎረቤት ትደብቃለች፤ ጎረቤት ያውቃል፣ ያወቀ አይመስልም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት በየግድግዳው ቢጻፍም ቅሉ፣ መድኃኒቱ በሌለበት ዘመን ተረቱ ለታማሚው ምን ፈየደለት? ሞት የሚደበቀው ሁልጊዜ በሐፍረት ወይም በፍርሃት ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ለቤተሰብ አንድ ተጨማሪ የሰላም ሌሊት ለመስጠት ነው። ይሁንና መደበቁ የሚከፈልበትን ዋጋም መናገር አለብን። ተነግሮት የማያውቅ ታማሚ ዕዳውን አያጣራም፣ የሚናዘዘውን አይናዘዝም፣ የሚወደውን አይጠራም። ስለዚህ የማርሴይ ሐኪሞች ያደረጉትን ልማድ ነው ብለን አናልፈውም፤ ስለ ሞቱ ሌሎቹ ሁሉ ሲነጋገሩ ባለጉዳዩ ብቻውን ከንግግሩ ውጪ ነበር።

በኢዛቤል ላይ ያለን ቅሬታ ከዚህ ይነሣል። ወንድሟን ሌት ተቀን አስታማዋለች፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ኦክቶበር 28 ለእናቷ ከጻፈችው፣ ተናዘዘ፣ አመነ ከሚለው ደብዳቤ ጀምሮ፣ የምትነግረን ራምቦ እሷ የምትፈልገው ራምቦ ነው። ተናዘዘ አልተናዘዘ የእኛ ክርክር አይደለም። ክርክራችን ስለ ድምፁ ነው። በኋላ ያገባችው ፓቴርን ቤሪሾን በ1899 ደብዳቤዎቹን ሲያሳትም እያረመና እየቀባባ ነው ያወጣቸው፤ በኋላ የመጡ አዘጋጆች ናቸው እንደ ነበሩ የመለሷቸው። ሕመሙን ራሱ መናገር የቻለው ሰው ከሞተ በኋላ በደንብ እንዲናገር ተደረገ ማለት ነው።

የራሱ የመጨረሻ ቃል ግን ተርፏል። ኖቬምበር 9፣ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ለአንድ የመርከብ ኩባንያ ዲሬክተር ለኢዛቤል ያስጻፈው ነው። የዝሆን ጥርስ ዝርዝር፣ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት፤ ከዚያ ሰውነቴ አይንቀሳቀስምና ቀደም ብዬ መሳፈር እፈልጋለሁ፣ ስንት ሰዓት ላይ ተሸክመው ወደ መርከቡ እንደሚያወጡኝ ንገሩኝ ይላል። በዚህች ወረቀት ላይ ሊቃውንት ብዙ ብለዋል፤ ቅዠት ነው፣ ቅኔ ነው። ለእኛ ግን ከካልሲው ደብዳቤ የተለየች አይደለችም። ያው የዕቃ ዝርዝር፣ ያው ልኬት፣ ያው ሞትን በጭነት ቋንቋ መናገር። ተቀባዩ ብቻ ተለውጧል። በማግስቱ፣ ኖቬምበር 10 ቀን፣ በ37 ዓመቱ አረፈ።

ኢዛቤል በጻፈችው ውስጥ ያለች አንዲት ነገር ቀርታናለች። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አንዳንዴ «ጃሚ» ብሎ ይጠራት ነበር። ጃሚ ዋዳይ ሐረር ሲያገለግለው የነበረው የአገሩ ልጅ ነው። ራምቦ ሦስት ሺህ ፍራንክ ተናዞለት ነበር፤ ገንዘቡ ሐረር ሲደርስ ጃሚ ሞቶ ስለቆየ ለወራሾቹ ተሰጠ። ጉልበቱ ሲያብጥ በየቀኑ ያየው፣ ሌሊቱን ያልተኛው፣ ምናልባትም ካልሲ እንደማይረዳ ከሁሉ ቀድሞ ያወቀው እሱ መሆን አለበት። ለእሱ ደብዳቤ አላስፈለገም፤ ስለዚህም ደብዳቤ የለም።

ከመካከላችን ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው እነዚህን ደብዳቤዎች ወደ አማርኛ ልመልስ ቢል ከግጥሞቹ በፊት ከፌብሩዋሪዋ እንዲጀምር እንለምነዋለን። ደርቃለች ብሎ እንዳያለሰልሳት፣ የእናትና የልጅ ናፍቆት እንዳይጨምርባት አደራ። የጫማው ቁጥርም 41 ይሁን።